እስክትፈተን ድረስ

ጃንዋሪ 25፣ 2013፣ ዓርብ

ኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ውስጥ አጠገቤ የቆመችው ልጅ አስተማሪ መስያት "ጓንቱ የት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ፈልጌ ሰጠኋት። ምን ልበላት? ሠላሳ ዓመቴ ነው፣ አካውንቲንግ ጨርሼ ባንክ ስሠራ ነበር፣ አሁን ሥራዬን ጥዬ ከናንተ ጋር ኬሚስትሪ ከዜሮ ጀመርኩ ልበላት? ፖስትባክ ይሉታል። ዲግሪ ኖሮን ሜዲካል ስኩል ለመግባት ሳይንሱ ለሚጎድለን የተዘጋጀ ነው። ልጆቹ ሲጨርሱ ተያይዘው ፒዛ ሊበሉ ሄዱ። እኔ ወደ አውቶቡሴ...

ጠዋት እንደ ዓርብ ልማዴ አገር ቤት ደሴ ደወልኩ። አባ ከጁምዓ ተመልሰው ስልኩን ይዘው ነው የሚጠብቁኝ።

"አንቺ ዶክተር፣ ይቺን ጉልበቴን ምን ላድርጋት?"

"ገና ነኝ እኮ አባ!"

"እንግዲያው ፍጠኚ። ጉልበቴ አትጠብቅሽም።"

የሳምንቱ ሳቄ ይቺው ናት።

ፌብሯሪ 17፣ እሑድ

ወንድሜ ከሊፋ መጥቶ ወሰደኝ። እሑድ ታክሲውን አይነዳም፣ ከእኔ ሰፈር ከስካይላይን እሱ ቤት አስፐን ሂል ድረስ እኔን ያመላልሳል። ሚስቱ ፈይሩዝ አብልታ አብልታ ልትገድለኝ ነበር። ለሳምንት የሚሆን ደግሞ ቋጥራ ሰጠችኝ።

ኤምካት ኤፕሪል 27 ነው። ይሄን ፈተና ካላለፍኩ ሜዲካል ስኩል የሚባል ነገር የለም። ባንኩም በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ቀጥሯል። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ በጣም ፈርቻለሁ።

ማርች 8፣ ዓርብ

የአባን ስልክ እማ አነሳችው። "ጉንፋን ይዟቸው ተኝተዋል" አለች። የእሷም ድምፅ ሻክሯል። ቤቱ ሁሉ ጉንፋን ነው ማለት ነው። ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማ ነበር። "እንግዳ ነው" ብላ ቶሎ ዘጋችው።

ማርች 17፣ እሑድ

ከሊፋ አልመጣም። ባለፈውም እሑድ አልመጣም።

"ቢዚ ነኝ ዛኪዬ። አንቺም ፎከስ አድርጊ። እስክትፈተኚ ድረስ አንረብሽሽም።"

ማን ረበሻችሁኝ አለ? ፈይሩዝ ምግቡን ታች ዘበኛው ጋ አስቀምጣ ሄደች። ሊፍቱን ይዞ መውጣት ይሄን ያህል ከባድ ነው? ቀዝቃዛውን በላሁት።

ማርች 29፣ ዓርብ

"መስጊድ ናቸው" አለች እማ። እስካሁን?

ሊፍት ውስጥ ጋሽ ሀይሉን አገኘኋቸው፣ የላዩ ፎቅ ጎረቤቴን። ሌላ ጊዜ "ዶክተር፣ ለዚች ወገቤ አንድ ነገር በያት እንጂ" ብለው ሳይተርቡኝ አያልፉም። ዛሬ ጫማቸውን ሲያዩ ቆዩ። ሲወርዱ ብቻ "አይዞሽ ልጄ" አሉኝ። ፊቴ ይሄን ያህል ከስቷል እንዴ?

ኤፕሪል 12፣ ዓርብ

አልደወልኩም። አኩርፌያለሁ። አምስት ዓርብ ሙሉ ለልጅ የሚሆን አንድ ደቂቃ ይጠፋል? ሌላው ይቅር፣ አባ እንኳ? ከአራት ቀን ወዲህ ከካሸር በስተቀር ያናገርኩት ሰው የለም።

ኤፕሪል 27፣ ቅዳሜ

ተፈተንኩ! ፊዚክሱ አስለቅሶኛል፣ ባዮሎጂው ግን... ኢንሻአላህ።

"ጨረስኩ" ብዬ ለከሊፋ ቴክስት አደረግኩለት። ወዲያው መለሰ። "አልሐምዱሊላህ። ነገ ጠዋት ቤት ነሽ?"

ይመጣሉ ማለት ነው! ቤቱን አጸዳሁ። ፈይሩዝ የምትወደውን ኬክ ከፎልስ ቸርች ገዛሁ። ኩርፊያዬ የት እንደገባ እንጃ።

ኤፕሪል 28፣ እሑድ

አባ ሞተዋል።

ሜይ 6፣ ሰኞ

መጻፍ ፈልጌ እጄ እምቢ ሲለኝ ሰነበተ።

ገና ሳይነጋ ነው በሩን ያንኳኩት። ስከፍት ከሊፋ ብቻውን አልነበረም። የመስጊዳችን ሼኽ፣ ፈይሩዝ፣ የአስፐን ሂል ሴቶች፣ ከኋላ ጋሽ ሀይሉ። እኔ ጅሏ "ውይ፣ ሁላችሁም!" ብዬ ሳቅሁ። ሲኒ ልጨምር ወደ ኩሽና ስሄድ ፈይሩዝ ክንዴን ያዘችኝ። ያኔ ገባኝ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ኬኩን ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ ነበር። ማንም አልነካውም።

አባ ሐሙስ ማርች 7 በድንገት ወድቀው ሞቱ፣ በዚያው ቀን ተቀበሩ። እማ "ተኝተዋል" ያለችኝ በማግስቱ ነው። ያ እንግዳ ለቅሶ ደራሽ ነበር።

"ሁሉም ያውቅ ነበር?" አልኩት ከሊፋን።

"አዎ።"

"ጋሽ ሀይሉ እንኳ?"

 "ብነግርሽ ትፈተኚ ነበር?" አለኝ ከሊፋ።

አልፈተንም ነበር። እውነቱ እሱ ነው። በአገራችን ደንብ እሱ ያደረገው ደግ ሥራ ነው። ተማሪ፣ እርጉዝ፣ መንገደኛ መርዶ አይነገረውም። ግን ያን ሁሉ ጊዜ እኔን ጠልተው የራቁኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ፊቴን ማየት አቅቷቸው ነው። አባቴ አፈር ውስጥ ሆነው አኮረፍኳቸው! ይሄን ማን ይመልስልኛል?

ኦክቶበር 9፣ ረቡዕ

የሜዲካል ስኩል ኢንተርቪው ነበረኝ። የፈተናው ውጤት ጥሩ ስለሆነ ነው የጠሩኝ። አንዱ ሐኪም "ለታካሚ ቤተሰብ መጥፎ ዜና መንገር ቢኖርብሽ እንዴት ትነግሪያቸዋለሽ?" አለኝ። ያጠናሁት መልስ ነበረኝ። ጠፋብኝ።

"ቶሎ" አልኩት። "ተቀምጬ፣ ዓይናቸውን እያየሁ፣ በዚያው ቀን።"

ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ሳላለቅስ ጨረስኩ፣ ውጪ ግን...

ዲሴምበር 6፣ ዓርብ

ገባሁ። ሜዲካል ስኩል ገባሁ!

ዓርብ ነው ደግሞ። ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት። ከዚያ አውቶቡስ ይዤ፣ ሜትሮ ይዤ፣ እንደገና አውቶቡስ ይዤ አስፐን ሂል ሄድኩ። ከሊፋ በሩን ሲከፍት ፊቴን አይቶ ደነገጠ። ነገርኩት። አቅፎኝ አለቀሰ። ከኤፕሪል ወዲህ በደንብ አላወራንም ነበር።

"አንድ ነገር ማልልኝ" አልኩት። "ከዛሬ ወዲያ ሰው ቢታመም፣ ቢሞት፣ ፈተና ላይ ብሆን፣ ምን ብሆን ትነግረኛለህ።"

"ዛኪዬ..."

"ማል።"

"ወላሂ።"

አመንኩት? እንጃ።

ኦክቶበር 14፣ 2014፣ ማክሰኞ

ነገ አናቶሚ ፈተና አለ። አጥንት እየሸመደድኩ ከሊፋ ደወለ።

"ቁጭ በይ" አለኝ። "እማ ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል። አሁን ነው የነገሩኝ። ኦፕራሲዮን ትሆናለች።"

"ነገ ፈተና እንዳለኝ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ። አስምለሽኝ የለ?"

ደነገጥኩ። ደስም አለኝ። በክፉ ወሬ ደስ ይላል? ስለነገረኝ ደስ አለኝ።

እማን መስመሩ ላይ አስገባት። "ምንም አልሆን..." ብላ ጀመረችና ተወችው። "ያመኛል ልጄ። ፈርቻለሁ" አለች። የቱን እንደሚጠግኗት ጠየቀችኝ። የዳሌው ገጽ ፊቴ ተከፍቶ ነበር። ቀስ ብዬ፣ ምንም ሳልደብቅ አስረዳኋት።

"እሺ ዶክተር" አለችኝ፣ ልክ እንደ አባ።

 ማናችንም ስልኩን አልዘጋንም።