ጨጓራ ነው ያልናቸው

ሰኞ፣ ኅዳር 3
ዛሬም አራት ክፍለ ጊዜ። ጉሮሮዬ ደርቋል። ለአስራ ሁለተኛ ክፍሎች ሚውቴሽን አስተማርኩ። ህዋስ ሲከፈል ጂኑን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥ ይሳሳታል፤ አብዛኛው ይታረማል። «አቁም» የሚለው ጂን የተበላሸ እንደሆነ ግን... መከፈሉን አይተውም። ካንሰር ይኸው ነው አልኳቸው።
አባ ሆድ ውስጥ ያለውን ነው የማስተምረው። እሳቸው ጨጓራ ይመስላቸዋል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5
ሐኪሙ ሳይዛመት ቶሎ ኦፕራሲዮን ይሁኑ ብሏል። አባ እምቢ። «ለጨጓራ ማን ሆዱን ያስቀድዳል? አብሽ ይበቃኛል።»
ወንድሜ ኢልያስ ደግሞ የበሽታውን ስም ከሰሙ በድንጋጤ ይሞታሉ ባይ ነው። ወላሂ አልነግርም አስብሎኛል። ታዲያ ሳያውቁ እንዴት እሺ ይበሉ? ደከመኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 7
አባ የገዛ ሱሪያቸውን በስፌት መኪናቸው አጠበቡ። በአንድ ወር ውስጥ ሁለተኛው ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 9
ነገርኳቸው። መሐላዬን አፈረስኩ... አላህ ይቅር ይበለኝ።
ሱቃቸው ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ይቆርጡ ነበር። «አባ፣ ጨጓራ አይደለም። ካንሰር ነው።» መቀሱን አላቆሙም። ቆይተው «ከየት መጣብኝ? የሰው ዓይን ነው?» አሉ።
የማንም ዓይን አይደለም አልኩ። እንዴት ላስረዳቸው?
«ልኩን ከካርቶን ንድፉ መውሰድ ትተው ከተቆረጠው ጨርቅ ላይ ቢወስዱ፣ ቀጥሎ ደግሞ ከዚያኛው ላይ...»
«ይዛነፋላ። አስረኛው ላይ ሌላ ልብስ ነው።»
«ሰውነትም ሲገለብጥ ይዛነፋል። ማቆሚያው ይጠፋዋል። ካልወጣ ዝም ብሎ ያድጋል።»
መቀሱን አስቀመጡ። ከዚያ «ጥፋቴ አይደለማ?» አይደለም አባ። እኔ አለቀስኩ፤ እሳቸው አላለቀሱም።
«በይ፣ የተዘጋው መንገድ ከተከፈተ ማክሰኞ ባሕር ዳር እንሂድ» አሉ። በሩ ላይ ስደርስ ጠሩኝ። «ነጅሚያ፣ ማወቄን ኢልያስ እንዳይሰማ። እሱ አይችለውም።»

ሐሙስ፣ ኅዳር 20
ባሕር ዳር፣ ሆስፒታል። ዛሬ ጠዋት ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧቸው። ከመግባታቸው በፊት ኢልያስ እጃቸውን ይዞ «አይዞዎት አባ፣ ትንሽ የጨጓራ ቁስል ናት» ይላቸዋል። «አውቃለሁ ልጄ፣ ጨጓራ ሰው አይገድልም» አሉት። ወደ እኔ አላዩም።
አሁን ኮሪደር ላይ ቁጭ ብለናል። ከገቡ አምስት ሰዓት አልፏል፣ የወጣ ሰው የለም። ይትረፉ አይትረፉ አላውቅም... ኢልያስ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።
«አየሽ? ሳናስደነግጣቸው እሺ አሉ።»
«አዎ» አልኩት።