የማልሄድበት ዩኒቨርሲቲ

ሸዋ ሮቢት
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለኸይረዲን፣ ጅዳ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ከርመሃል? በስልክ ሳወራህ ስለምታቋርጠኝ፣ ይህን ነገ በምትበረው በጎረቤታችን በሙሀባ እጅ ልኬልሃለሁ። ወረቀት ላይ ማቋረጥ የለም፤ እስከ መጨረሻው አንብበው።

«ሥራዬን ትቼ እመጣለሁ፣ እማን እኔ አስታምማለሁ፣ አንቺ የተመደብሽበት ዩኒቨርሲቲ ግቢ» ያልከውን ሰምቻለሁ። ይሄን ሞኝነትህን ተው። ለመሆኑ ስለ ምን ዓይነት ዩኒቨርሲቲ እንደምታወራ ታውቃለህ? እኔ አይቼዋለሁ። አምና ከትምህርት ቤት በአውቶቡስ ጭነው ወስደው አስጎብኝተውናል።

በሩ ላይ «ራዕያችን» የሚል፣ ከቤታችን የሚበልጥ ሰሌዳ ተተክሏል። ከሥሩ ካለው ቧንቧ ግን ጠብ የሚል ውሃ የለም። አስጎብኚው ከረባቱን እያስተካከለ «ተቋማችን ብቁ ዜጋ ያፈራል» ሲለን፣ ብቁዎቹ ዜጎች ጃሪካን ተሸክመው ገፍተውት አለፉ። ሽሮ የሚሉትንም ቀመስን፤ ሙቅ ውሃ ቢሉት ይቀላቸው ነበር። መኝታው ደራርበው የሰካኩት የብረት አልጋ ነው፤ እኛ ማሾ እንኳ ጆንያ ውስጥ እንደዚያ አናጭቅም። ብርዱማ አይነሳ! ከደብረ ሲናም የባሰ ነው። እኛ የቆላ ልጆች በስስ ሻሽና በነጠላ ጫማ ሄደን ስንንቀጠቀጥ፣ ተማሪዎቹ «ሮቢቶች መጡ!» እያሉ ሳቁብን። የተማሩ የሚባሉት እንግዲህ እነዚህ ናቸው።

ቤተ መጻሕፍቱም ያው ነው። ሦስት ፎቅ ሙሉ መጽሐፍ፣ ሦስት ፎቅ ሙሉ አቧራ። በምሥራቁ መስኮት ጥግ ያለችው ወንበር ብቻ ትሻላለች፤ የጠዋት ፀሐይ ታገኛለች፣ የባዮሎጂ መጻሕፍቱም እጅ ሲዘረጉ ይደረሳሉ። እሷም ብትሆን አንድ እግሯ ያነክሳል። አስጎብኚው መጥቶ እስኪያስነሳኝ ድረስ ተቀምጬባት ስለነበር አውቃለሁ።

ስለዚህ አትምጣ። ያን ሥራ ከተውከው ዳግም አታገኘውም፤ የእማ መድኃኒት የሚገዛው ደግሞ በሱ ነው። ከክረምቱ ወዲህ ግራ ጎኗ አልታዘዝ ብሏታል። ገላዋን የማጥባት፣ የማገላብጣት እኔ ነኝ። ወንድ ልጇ ላጥብሽ ቢላት በሐፍረት ትሞታለች እንጂ እሺ አትልህም። ይህን ሳታስበው ነው ትኬት የምትጠይቀው? ማሾውም ደርሷል፤ ለቀማውን ከጎረቤት ጋር እጨርሰዋለሁ።

ለዩኒቨርሲቲ ብለህ የላክኸው ወፍራም ጃኬት ደርሶኛል። በሮቢት ሐሩር ምን ይሠራልኛል? ወደ ደጋ ለሚወጣ ሰው እሰጠዋለሁ።

አላህ ከክፉ ይጠብቅህ፣ ሪዝቅህን ያስፋልህ፣ በዓፊያ ያገናኘን። እማም ዱዓ አድርጋልሃለች። ይህን ስጽፍ ከአልጋዋ ሆና ስታየኝ ቆይታ፣ «ነዒማ፣ በዚህ ሙቀት ምን ለብሰሽ ነው? ወባ ያዘሽ እንዴ?» አለችኝ።

«ልኬ መሆኑን እያየሁ ነው» አልኳት።

ልኬ ነው።

እህትህ
ነዒማ ሳልህ