እየሳቀ ነበር የተኛው

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ከረምሽልኝ፣ አዮ? ጉልበትሽ የጫንጮን ብርድ ቻለው? ላሟስ ወለደች? እኔ አሁን ደኅና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

«አሁን» ያልኩት በምክንያት ነው። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ ገና አባዬን ሳነሳ እየዘጋሽብኝ አቃተኝ። ይኼን ግን ሳትጨርሺ እንዳታጥፊው።

ከፋሲካ በኋላ የፋብሪካችን የሴቶች ቡድን እዚህ ሰበታ ሲጫወት በረኛዋ እኔ ነበርኩ። ኳስ ልይዝ ስወድቅ የአጥቂዋ ጉልበት ጆሮ ግንዴን መታኝ። ወዲያው ተነሣሁ። ደኅና ነኝ አልኩ፤ ቀልጄም ሰዉን አሳቅሁ። የቡድኑ ነርስ ሲስተር ትንሳኤ ግን አልሳቀችም። ስንት ለስንት ነን ብዬ ደጋግሜ ጠይቄያት ኖሯል። ከክንዴ ትንሽ ደም ቀዳችና በእጅ በምትያዝ መሣሪያ መረመረችው። አንጎል ሲጎዳ ወደ ደም የሚገባ ነገር አለ አሉ፤ መሣሪያዋ እሱን ነው የምትፈልገው። ጨዋታው ሳያልቅ የደሙ ውጤት መጣ፤ ከፍ ያለ ነበር። አሠልጣኙ ትጫወት እያለ፣ እኔም አብሬው እየለመንኳት፣ እሷ መኪና ትጠራ ነበር።

አዲስ አበባ ወስደው ጭንቅላቴን በሲቲ ስካን አነሱኝ። ውስጥ ደም አልፈሰሰም፤ አንጎሌ ግን ክፉኛ ተናውጧል ተባለ። ብርሃን ያመኝ ነበር፤ የሰው ስም ይጠፋብኛል። ሲስተር ትንሳኤ እየተመላለሰች ደሜን ስታይ ቁጥሩ ቀስ በቀስ ወረደ፤ እኔም ወደ ራሴ ተመለስኩ።

አባዬ የሚኖረው እዚያው አቅራቢያ ቡራዩ ስለሆነ ተጠርቶ መጣ። አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ፣ እንቅልፍ በወሰደኝ ቁጥር ይቀሰቅሰኛል። ሲስተር ትንሳኤ ለምን እንደሆነ ጠየቀችው። ያኔ ስለ ወንድሜ ስለ ሚልኬሳ ነገራት። ከፈረስ ወድቆ እንደተነሣ፣ እራቱን በልቶ እየሳቀ እንደተኛ፣ ጠዋት እንዳልነቃ። ከዚያ አንቺን ያለሽን ሳይደብቅ ነገራት፤ «አስተኝተሽ ገደልሽው» ማለቱን፣ ቤቱንም ጥሎ መውጣቱን።

እሷም እንዲህ አለችው፦

«አባቴ፣ እንቅልፍ አይደለም የገደለው። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ነው የሚሆነው። ያን ማታ ቤታችሁ ብኖር፣ እንዲህ ያለ መሣሪያ በእጄ ከሌለ፣ እየሳቀ ሲበላ አይቼ እኔም አስተኛው ነበር።»

አባዬ ተነሥቶ ወጣ። በመስኮት አየሁት፤ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ፊቱን በባርኔጣው ሸፍኖ ቆሟል። ሲመለስ ብርድ ልብሴን አስተካከለልኝና «ተኚ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቀስቅሶኝ አያውቅም።

አዮ፣ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ደኅና ነኝ ስላት ላላመነችኝ ለሲስተር ትንሳኤ፣ ለዚያች ትንሽ መሣሪያ። ከሁሉ በላይ ግን ለአንቺ፤ ያላጠፋሽውን ጥፋት ብቻሽን ተሸክመሽ እኔን ላሳደግሽኝ።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ሌሊትሽን የእንቅልፍ ያድርግልሽ።

ደብዳቤውን በፖስታ አልላክሁትም። የያዘው ሰው ቤቱን ጥሎ ከወጣ ወዲህ ያንን መንገድ ረግጦት አያውቅም። ደጅ ላይ ቆሞ ቃል ቢያጣ፣ ቃሉን እስኪያገኝ አትጠብቂው። ከሱሉልታ ወዲያ ብርድ ነው፤ አስገቢው።

ልጅሽ