ምድጃው ገብቷል

ውድ ወንድሜ፣

ሰላምታውን ኋላ አደርስሃለሁ፤ መጀመሪያ ወሬውን ስማ። ምድጃው ገብቷል! አዎ፣ ሜትርህን ዘርግተህ «የግድግዳው ምድጃ ውስጥ በፍጹም አይገባም» ያልከው የብረት ምድጃ፣ አሁን ሳሎናችን ውስጥ ሆኖ እንጨቱን ቅርጥፍ አድርጎ እየበላ ነው።

አልተናደድኩብህም ብል ውሸት ነው። «ይሄን ቤት ማሞቅ አይቻልም፣ እማዬም ብርዱን አትችለውም። ቅዳሜ መኪና ይዤ መጥቼ እወስዳታለሁ» ብለህ ስትወጣ፣ እማዬ በሩ እስኪዘጋ ጠብቃ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰችው። «ምን ያድርግ ልጄ፣ አዝኖልኝ እኮ ነው» አለችኝ። ፊትህ ያላለቀሰችው እንዳይከፋህ ብላ ነው። ከዚህ ቤት መውጣት ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ አንተም አታጣውም፤ ሁለታችንንም የወለደችን እዚያ መኝታ ቤት ውስጥ ነው።

በማግስቱ ግንበኛውን ጠራሁት፤ ያንን ነጋ ጠባ «ቀስ በሉ» የሚለውን፣ እኛም ስሙን ረስተን ቀስበሉ የምንለውን። የድሮውን የግድግዳ ምድጃ በመዶሻው እጀታ ኳ ኳ አደረገና ጆሮውን ለጠፈበት።

«ጀርባው ባዶ ነው» አለ። «ይሄ የምድጃው ዋና አፍ አይደለም። የሆነ ሰው ኋላ በጡብ አጥብቦታል።»

«አባታቸው ነዋ!» አለች እማዬ ከወንበሯ። «ያቺን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሊያስቀምጥበት። እሷም እኛን ሳታሞቅ ተቃጠለች።»

አየህልኝ? አንተ የለካኸው የአባዬን ጥገና ነው እንጂ የግድግዳውን ምድጃ አይደለም!

ልስኑን ከላይ ጀምረን ፋቅነው። ቀስበሉ ግድግዳውን የተሸከመውን ድንጋይ በዓይኑ ሳያይ አንድ ጡብ አላስነካኝም፤ «አለበለዚያ አናታችን ላይ ነው የሚወርደው» አለ። እኔ ራሴን በሻሽ አስሬ፣ መሮና መዶሻ ይዤ፣ ቅንድቤ በአቧራ ሸብቶ፣ ብታየኝ አታውቀኝም ነበር። ድንጋዩ ካሰብነው በላይ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ስንጥቅ እንኳ የለውም። ከሱ ሥር ያለውን ጡብ ስንነቅል፣ ጎንበስ ብዬ የምገባበት የግድግዳ ምድጃ ብቅ አለ። የተሰነጣጠቀውን ወለሉን ቆፍረን አወጣን፣ ሲሚንቶ ሞላን፣ በውሃ ልክ እያየን አስተካክለን ጥቁር ድንጋይ አነጠፍንበት። እስኪደርቅ እማዬ ምርኩዟን ይዛ ዘብ ቆመች፤ ድመቷን እንኳ አላስጠጋችም።

የብረቱን ምድጃ ከማስገባታችን በፊት ቀስበሉ ጋዜጣ ለኩሶ ጭስ ማውጫውን ሞከረ። ጉድ ፈላ! ጭሱ በሙሉ ተመልሶ ፊታችን ላይ። እየሳልን ወደ ደጅ ሮጥን። ስመለስ እማዬን መኝታ ቤት አገኘኋት፤ ልብሷን እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከታለች።

«ቅዳሜ ሩቅ አይደለም» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

ቀስበሉ ግን ረጅም ብረት ይዞ ጣሪያ ላይ ወጣ። ሲጎረጉር፣ ሲጎረጉር፣ አንድ ጥቁር ነገር ዱብ አለ። ጥላሸቱን ብናራግፈው የአባዬ ካፖርት! ልብስ አጣቢው ሰረቀኝ እያለ ዕድሜ ልኩን ሲረግምበት የኖረው ካፖርት። ለካ ንፋስ እንዳይገባ ብሎ ራሱ ወትፎት ረስቶታል።

«ወይኔ፣ ሰውዬውን በከንቱ ስናማው!» ብላ እማዬ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ።

ከዚያ የብረቱን ምድጃ አስገባን። ገባ ብቻ አይደለም፣ በግራና በቀኝ አየር የሚያገኝበት ቦታ ተርፎታል። ቧንቧውን ገጥመን ለኮስነው። ቀስበሉ ወደ መንገድ ሮጦ ወጣ፣ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቀለ። ጭሱ እየወጣ ነው! እልልታዬን አቀለጥኩት። ጎረቤት ሁሉ ሙሽራ የመጣ መስሎት ብቅ ብቅ አለ።

ስለዚህ ቅዳሜ ና፣ መኪናህንም ይዘህ ና፤ ግን እንጨት ጫንበት። ሻንጣውን እኔ ራሴ ባዶ አድርጌዋለሁ።

ይሄን ስጽፍልህ ውጭው ውርጭ ነው። እማዬ ሹራቧን አውልቃ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ግንባሯን እየጠረገች ትጮህብኛለች፦ «አንቺ፣ ጽሕፈቱን ተይና መስኮቱን ክፈቺ! በሙቀት ልትፈጂኝ ነው እንዴ!»

ልክፈትላት፣ ደህና ሁን።

አቧራዋን ገና ያልታጠበችው እህትህ