ለአንድ ክፍል አንድ የጫማ ቁጥር

ለተከበሩ አቶ ኢዮብ፣
በምሥራቅ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የልጄ አጸደ ሕፃናት ባለቤትና ርእሰ መምህር፣
ሐዋሳ

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን፣ በተለይም የእግርዎን ጤንነት እንዲጠብቅልኝ ጌታን እለምናለሁ። መሃል ከተማ ባለ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስለሆንኩ የሰው ደብዳቤ ስጽፍ እውላለሁ፤ ይህኛው ግን የራሴ ነው። ቀደም ብዬ በግል ብጽፍልዎ ከሥራዎ ብዛት የተነሳ ለመመለስ እንዳልተመቸዎ ስለተረዳሁ፣ ዳግመኛ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ እንዳላስቸግርዎ በአደባባይ ጻፍኩት። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ወላጆች እንደሆኑ ከልጆቻቸው የእግር ጣት ያውቁታል።

ስለ ልጄ ስለ ኢያኤል የላኩልኝ ማስታወሻ ደርሶኛል። የአምስት ዓመቷ ልጄ እንደ እኩዮቿ እንደማትሮጥ፣ ደረጃ መውረድ እንደምትፈራ፣ አሁንም አሁንም እንደምትወድቅ፣ ስለዚህም አካሏ እስኪጠና ያንኑ ክፍል ብትደግም እንደሚሻል በትሕትና ገልጸውልኛል። ስለ ትሕትናው አመሰግናለሁ። ሳነበው አጠገቤ ተቀምጣ ነበርና ምን እንደሚል ስትጠይቀኝ ዋሸኋት። ከዚህ በታች የምዘረዝረውም ያንን ውሸት ለማቅለል ነው።

፩ኛ፦ ልጆቹ በሰልፍ ሲቆሙ እንዲያምሩ በማሰብ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ዓይነት ጥቁር የቆዳ ጫማ፣ ያውም በአንድ ቁጥር፣ በጅምላ በማዘዝዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የኢያኤል ክፍል ሃያ ስድስት ቁጥር ደረሰው። እግዚአብሔር ልጆቹን ሲፈጥር የክፍል ድልድልዎን ሳያማክር በመቅረቱ ግን የልጄ እግር ከዚያ በልጦ ተገኘ። ጠበባት ብዬ ለመምህርት ማርታ ባመለክት፣ እርስዎን ጠይቀው «ቆዳ ነው፤ ይለቃል» የሚል መልስ ይዘውልኝ መጡ። የጎረቤቴ የሽታዬ ልጅ ኤልናታን ደግሞ እግሩ ትንሽ ስለሆነ፣ ያንኑ ጫማ ጫፉ ላይ ጥጥ ተጠቅጥቆለት ወለሉን እየጠረገ ይሄዳል። ሰልፉ ግን እውነትም ያምራል።

፪ኛ፦ በግቢዎ መካከል ስላለው ለምለም ሣር አድናቆቴን ሳልገልጽ አላልፍም። ዙሪያውን በገመድ ታጥሮ፣ በየጠዋቱ ውሃ እየጠጣ፣ የምረቃ ፎቶ የሚነሳበትን ቀን ይጠብቃል። ልጆቹ የሚጫወቱት ሲሚንቶው ላይ ነው፤ ጫማ ማውለቅም በእንቅልፍ ሰዓት ሳይቀር ክልክል ነው።

የክልከላውን ምክንያት አውቃለሁ። በወላጆች ስብሰባ ላይ በልጅነትዎ ጫማ እንዳልነበርዎትና በግቢዎ ውስጥ አንድም ልጅ በባዶ እግሩ እንዳይታይ መማልዎን ዓይንዎን በመሐረብ እየጠረጉ ሲነግሩን እኔም አልቅሻለሁ። አክስቴ ሙሉጌጥ እስክትጎለምስ ድረስ ያለ ጫማ ቀይ አፈር ላይ በመኖሯ እግሯ አብጦ ቀርቷልና፣ ጫማ ምን እንደሆነ ለእኔ ቤት አይነገርም። ልጆቹ በባዶ እግራቸው መንገድ ይውጡ የሚል ቃል አልወጣኝም። እግራቸውን የሚያክል ጫማ ይኑራቸው፣ ንጹሕ ሣር ላይ ደግሞ አውልቀው ይቦርቁ ነው የምለው።

፫ኛ፦ ማስታወሻዎ የደረሰኝ ሰሞን ኢያኤልን ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቡሹሎ አክስቴ ዘንድ ወሰድኳት። ጫማዋን አውልቄ ሣሩ ላይ ሳቆማት ጣቶቿን እንደጨበጠች ቀረች፤ ጫማው ወልቆም እግሯ እዚያው ውስጥ ነበር። ደነገጥኩ። አክስቴ አቀርቅራ አየቻትና «እኔን ጫማ ማጣት ጎዳኝ፤ ይቺን ጫማ ማግኘት» አለች። እዚያው ያገኘነው የጤና ባለሙያ የልጅ እግር አጥንት ገና ለስላሳ መሆኑን፣ የሰጡትን ቅርጽ እንደሚይዝ፣ ውስጥ እግር መሬቱን ዳስሶ ለሰውነት እንዴት እንደሚቆም እንደሚነግር፣ ጣቶቹ ካልተዘረጉም ልጅ ሚዛኑን እንደሚስት አስረዳኝ። ልጄ ደካማ አለመሆኗንም ነገረኝ። እንቅልፍ የነሳኝ ግን የመጨረሻው ነው፤ አጥንቱ ለስላሳ ስለሆነ ልጅ ጫማው ቢጠበውም አመመኝ ላይል ይችላል አለኝ። እርስዎ «አንድም ልጅ አላማረረም» ብለው የሚኮሩበት ዝምታ ይኸው ነው።

ይህንኑ በትምህርት ቤቱ በር ላይ አግኝቼዎ ስነግርዎ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው አጽናንተውኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ተረቱ ውስጥ ያለው እንቁላል ግን እግር ሲያወጣ ማንም ሃያ ስድስት ቁጥር አላጠለቀለትም።

ባለሙያው አሁን ከተለቀቀ እግሯ እንደሚመለስ ተስፋ ሰጥቶኛል፤ እግሯ እስከ መቼ ሊጠብቀን እንደሚችል ግን አልነገረኝም፤ እኔም ለመጠየቅ ፈራሁ። ስለዚህ የልጆቹ እግር አንድ በአንድ እንዲለካ፣ የሣሩ ገመድ እንዲነሳ፣ ኢያኤልም ባልሠራችው ጥፋት ክፍል እንዳትደግም ከወገቤ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

ሰልፍዎ ዘወትር የተስተካከለ፣ ሣርዎም ዘወትር ያልተረገጠ እንዲሆን በመመኘት፣
ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ብርቅዬ፣ የኢያኤል እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጫማውን በዘበኛው በኩል መልሼልዎታለሁ። ቆዳው አልለቀቀም። ለሌላ ልጅ መስጠት ቢያስፈልግዎ ግን ያለ ሐሳብ ይስጡት፤ ከመስከረም ጀምሮ የተደረገ ቢሆንም ሶሉ አዲስ ነው፤ አንድም ቀን አልተሮጠበትም።