ስለ ላምዱዋን ጨጓራና ስለ ሰባቱ ፍሬ ሚጥሚጣ

ለተከበሩ የወረዳችን ሆስፒታል ዳይሬክተር፣
ባሉበት፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎን፣ በተለይም ጨጓራዎን፣ አብዝቶ ይጠብቅልን። እኔ እዚሁ በኢሳን ምድር የሙን ወንዝ ዓሣ አጥማጁ ቡንሎም ነኝ፤ ጨጓራዋ ቆስሎ ሦስት ጊዜ እርስዎ ዘንድ የተኛችው፣ ከሚጥሚጣ ጋር የሚወቀጠው የፓፓያ ሰላጣ ሻጯ የላምዱዋን ታላቅ ወንድም። ወደ ትልቁ ሆስፒታል መላኪያ ደብዳቤ እንዲፈርሙላት መለመን ከጀመርን አምስተኛ ወራችን ስለሆነ፣ ምስጋናችንን በአደባባይ ላድርስ ብዬ ነው።

፩ኛ. በመጀመሪያው ቀን ሐኪምዎ ቀና ብሎ ሳያያት «በአንድ ሙቀጫ ስንት ፍሬ ሚጥሚጣ ትወቅጫለሽ?» ብሎ ጠየቃት። እሷም የዋህ ናት፣ «ሰባት» አለችው። ካርዷ ላይ በሽታዋ ተብሎ የተጻፈው ይኸው ነው። ለዚህ ፈጣን ምርመራ እጅ እንነሳለን።

፪ኛ. ሚጥሚጣ ከተወች ዓመት አልፏታል። ባዶ ሩዝ እየበላች ሁለተኛው ቁስል ሲደማ፣ ነርስዋ እትዬ ካንያ «የኢሳን ሰው ያለ ሚጥሚጣ? አንቺ ልጅ፣ ማንን ልታሞኚ ነው!» ብለው ክፍሉን በሳቅ አፈረሱት። እናታችንም አመነቻቸውና የልጇን እጅ ማሽተት ጀመረች። እኔም፣ አፈር ይብላኝ፣ ጓዳዋን ፈትሻለሁ። አንዲት ፍሬ አላገኘሁም።

፫ኛ. ለአንድ ቀን የመጣችው እንግዳ ሐኪም፣ ዶክተር ፒምጃይ፣ ስለማያባራው ተቅማጧ ጠየቀቻት፤ የጨጓራ ክኒኗን ባቋረጠች ቁጥር ቃጠሎው እንደሚያገረሽባትም ሰማች። «ይህ የምግብ ነገር አይደለም። ቆሽቷ ወይም የአንጀቷ መግቢያ ላይ፣ ጨጓራዋን ያለ ልክ አሲድ የሚያስመነጭ ትንሽ ዕጢ ሳይኖር አይቀርም። እምብዛም የማይገኝ በሽታ ነው፣ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ቶሎ ትሂድ» ብላ ጻፈች። እርስዎም «እንዲህ ያለ በሽታ በወረዳችን ታይቶ አይታወቅም» ብለው ወረቀቱን ሳይፈርሙ መለሱት። እውነትዎን ነው፤ ማን ፈልጎት ይታያል?

ላምዱዋን ከትናንት ጀምሮ የምታስታውከው ጥቁር ነው። ሆዷ እንደ ጣውላ ደርቋል፣ ሲነኳት ትጮኻለች። ክቡርነትዎ፣ እኔ ፈርቻለሁ። እናቴ ከአልጋዋ ሥር አልነሳም ብላለች።

ፊርማዎን ደጅ ከሚጠኑት ሁሉ ዝቅ ብዬ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ቡንሎም

ማስታወሻ፦ ዶክተር ፒምጃይ ይህ ዕጢ አንዳንዴ በዘር እንደሚወረስ ነግራን ነበር። አባታችን እርስዎ ሆስፒታል ውስጥ ደም እያስታወከ ሲሞት ካርዱ ላይ «አረቄ» ተብሎ ተጽፏል፤ ለጥቂት ጊዜ መንኩሶ ከገዳም ከተመለሰ ጀምሮ ግን አረቄ በአፉ ዞሮ አያውቅም። እኔንም ካለፈው ወር ወዲህ ሆዴን ያቃጥለኝ ጀምሯል። ስለዚህ፣ ካላስቸገርንዎ፣ ሁለት ደብዳቤ ይፈርሙልን።