ጓያ የያዘው ባት

ሰኞ

…ልጅ ሳለ ሲሯሯጥ ውሎ ማታ ባቱን ይሸመቅቀው ነበር፤ እኔ ተረከዙን ጨብጬ ጣቶቹን ወደ ላይ ስገፋለት ያ የቋጠረው ነገር ቀስ እያለ ከእጄ ሥር ይፈታል፣ እሱም የጀመረውን ወሬ ሳይጨርስ እንቅልፍ ሲወስደው… ዛሬም እንደዚያው ያዝሁለት። አልተፈታም። ድንጋይ ነው።

ወንድሜ አለሙ ትናንት ከፎገራ በበቅሎ መጣ። እናቴም አብራው። በሁለት ዱላ፣ በእግሩ ጣቶች ብቻ ይሄዳል፤ ጉልበቶቹ ይጋጫሉ። ዝናቡ ከቀረ ወዲህ የበሉት ጓያ ብቻ ነው።

«እንፋሎቱ እንዳይመታው ደጅ ነበር የምቀቅለው» ትላለች እናቴ። «እሱ ሳይርቅ ክዳኑን ከፍቼ አላውቅም።»

አገሩ ሁሉ የሚያምነው እንደዚያ ነው። እንፋሎቱ አይደለም፣ የበላው ነው፣ ልላት አፌን ከፈትሁ። ሌላ ምን ነበራትና። ዱላዎቹን ግድግዳው ላይ አስደገፍሁ።

ረቡዕ

ስድስተኛ ክፍል። ጡንቻ። ክንዴን አጥፌ አሳየኋቸው፤ የፊተኛው ሲኮማተር የኋለኛው ይላላል፣ ስዘረጋው ደግሞ በተራው። አንዲት ልጅ፣ «ሁለቱም አንላላም ቢሉስ ቲቸር?» አለች። ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመርሁ። ገና አልገለበጡም ነበር፤ ጮኹብኝ።

ከሰዓት የቀበሌው ሊቀመንበር ቤት ድረስ መጣ። አለሙ ለብሔራዊ ውትድርና ተመዝግቧል፤ የፎገራው ገበሬ ማኅበር ጠፋብን ብሎ ለቀበሌው ደብዳቤ ልኮበታል። ሊቀመንበሩ ዱላዎቹን አየና ሳቀ። «ምልመላ በደረሰ ቁጥር የስንቱ እግር ይታመማል መሰለሽ! ሰኞ ጠዋት ይቅረብ። እናየዋለን።»

ሐሙስ

ሐኪሙ እግሩን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ ጉልበቱን በመዶሻ መታ። እግሩ ዘለለ፣ መንቀጥቀጡም አልቆም አለ። «ጡንቻው ጤነኛ ነው። ከአንጎሉ የሚወርደው ላላ የሚለው ትእዛዝ ነው ጀርባው ላይ የቀረው። መድኃኒት የለውም። ሙቅ ውሃ ትንሽ ያሳርፈዋል።»

ይህንኑ ለቀበሌ እንዲጽፍልኝ ለመንሁት። ወደ መስኮቱ አየት አደረገ። «እህቴ፣ እኔም ልጆች አሉኝ።»

ቅዳሜ፣ ወንዛዬ

በጭነት መኪና እስከ ሐሙሲት፣ ከዚያ በበቅሎ። ፍል ውሃው ውስጥ እስከ ወገቡ አስገባነው። ብዙ ቆየ። ተረከዙ መሬት ነካ።

«እታለም! እይውማ! እይውማ!»

ዱላውን ትቶ ሄደ። ውሃው ውስጥ፣ ከዳር እስከ ዳር። እናቴ እልል አለች። እኔም፣ አስተማሪዋ፣ እልል አልሁ። ሰው ሁሉ ዞረ። ከዞሩት አንዱ ትከሻውን ሊታጠብ የመጣው የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ነበር።

«እሰይ! እንኳን ማርያም ማረችህ ወንድሜ» አለው። የምሩን ይሁን አይሁን አላወቅሁም። «እንግዲህ ሰኞ።»

አለሙ ከውሃው ወጥቶ ገላው ሳይደርቅ ተረከዙ ተመልሶ ተነሣ። ሰውየው ግን ያኔ ሄዶ ነበር።

እሑድ

ከወንዛዬ ተመለስን። ቤት ስንገባ አለሙ፣ «እታለም፣ ከዳንሁ ይወስዱኛል። ካልዳንሁ ለእናታችን ማን ያርስላታል? ለማርያም የቱን ልሳል?» አለኝ።

ዕቃ ማጠብ ጀመርሁ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ተመለሰች። እሷ የቱን እንደ ለመነች አልጠየቅኋትም።

ሰኞ

ቀበሌ ግቢ፣ ድንጋይ ላይ ሆኜ እጽፋለሁ። ዱላዎቹ ጭኔ ላይ ናቸው፤ ሊቀመንበሩ ነው ነጥቆ የሰጠኝ።

አብዮት ጠባቂው መሰከረ። «በዓይኔ አይቻለሁ። እንደኔ እንደናንተ ሲሄድ።» አልዋሸም። ያየውን ነው የተናገረው።

«ሂድ እስቲ» አለው ሊቀመንበሩ። አለሙ በጣቶቹ ቆመ፣ ጉልበቱ ተጋጨ፣ ጠረጴዛውን ያዘ።

«ይኼስ ቲያትር ቤት ነበር የሚገባው!» አለ አንዱ። ሳቁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሙቀቱ ነው ያላላው፣ ለጊዜው ነው። ውሃ አሙቁና ራሳችሁ እዩ…»

«መምህርት፣ ተማሪዎችሽ ይጠብቁሻል። ውጪ።»

እናቴ አጥሩ ሥር ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። በሩ ገርበብ ብሏል። «እንደገና» ይላል ሊቀመንበሩ። የእግር መጎተት። «እንደገና ነው ያልሁህ።» ከባድ ነገር ወደቀ። ልነሣ ስል አብዮት ጠባቂው በክፍተቱ አየኝ።

በሩን ዘጋው።